ቀላቢው፤ የአንድ ቃል ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእንግሊዛዊውን ደራሲ የዊልያም ሐዝሊትን አንድ መጣጥፍ ወደ አማርኛ ልመልስ ተነሣሁ። መጣጥፉ በ1821 እ.ኤ.አ. ለኅትመት የበቃ ሲሆን፣ ርእሱ «ዚ ኢንዲያን ጀግለርስ» ይሰኛል። «ኢንዲያን» የሚለው ቃል አላስቸገረኝም። «ጀግለርስ» ላይ ስደርስ ግን ብዕሬ ቆመ። መዝገበ ቃላት ገለጥሁ፤ «አስማተኛ፣ ምትሐተኛ፣ አታላይ» ይላል። እኔም የመዝገበ ቃላቱን ቃል አምኜ፣ በወረቀቱ አናት ላይ «የሕንድ አስማተኞች» ብዬ ጻፍሁና ወደ ውስጥ ገባሁ።

ሥራውን ስጨርስ ለአንድ ወዳጄ አነበብሁለት። ወዳጄ ጽሑፍ ሲነበብለት ዐይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ጥቂት እንደ ሄድሁ ዐይኑን ገለጠና፣

«ቆይ እንጂ፤ አስማቱ የታለ? ሰውዬው ኳስ እየወረወረ ይቀልባል እንጂ ምን አስማት ሠራ?» አለኝ።

የምመልሰው አጣሁ። እውነቱን ነበር። ሐዝሊት የሚያሳየን ነጭ የለበሰ፣ የጠመጠመ፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ሕንዳዊ ነው። በሁለት የናስ ኳሶች ይጀምራል፤ በመጨረሻም አራቱን ባንድ ጊዜ ባየር ላይ ያመላልሳል። የሚሰውረው ነገር የለም። እጁም፣ ኳሱም፣ ድካሙም በተመልካቹ ፊት ነው። ሐዝሊት ይህን አይቶ በራሱ ያፍራል፤ በሕይወቱ ሙሉ የዚህን ያህል አጥርቶ የሚሠራው አንድ ነገር እንኳ ይኖረው እንደ ሆነ ራሱን ይመረምራል። ጸሐፊ ቢሳሳት ስሕተቱን ማን ያይበታል? ኳስ ወርዋሪው ግን ለቅጽበት ቢዘነጋ ውርደቱ መሬት ላይ ወድቆ ይጮኻል። እንግዲህ ደራሲው ከራሱ በላይ ያከበረውን ይህን ሰው፣ እኔ በአማርኛ ጠንቋይ አድርጌው ነበር።

ይህ ስሕተት አላስተኛኝም። ቃሉን ከሥሩ ጀምሬ ልከተለው ቆረጥሁ። ውድ አንባብያን፣ በመንገዱ ላይ ያገኘሁትን ነው እነሆ የማካፍላችሁ።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። በላቲን «ዮኩስ» ማለት ቀልድ፣ ጨዋታ ማለት ነው። ትንሿ ቀልድ «ዮኩሉስ» ትባላለች፤ ከርሷ «መቀለድ» የሚል ግስ ተወለደ፤ ከግሱም «ዮኩላቶር»፣ ማለትም ቀልደኛው፣ አጫዋቹ ወጣ። ቃሉ ወደ ጥንቱ ፈረንሳይኛ ሲወርድ ድምፁ ተለወጠ፤ ኋላም «መለፍለፍ» ከሚል ሌላ ቃል ጋር ተዳቅሎ «ዦንግለር» ሆነ። ስፓኛውያን «ኹግላር»፣ ጣልያኖች «ጁላሬ»፣ እንግሊዞች «ጀግለር» አሉት። ዘመዶቹም ብዙ ናቸው። የካርታ ተጫዋቾቻችን የሚያውቁት «ጆከር» የዚያው ቤተሰብ ልጅ ነው። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን በእንግሊዝኛ የአደጋ ስም የሆነው «ጄፐርዲ» ነው። እርሱም ከዚሁ ሥር፣ በጥንቱ ፈረንሳይኛ «የተከፈለ ጨዋታ»፣ ማን እንደሚረታ ያልለየለት ጨዋታ ከሚል አነጋገር የመጣ ነው። ቀልድና አደጋ የአንድ እናት ልጆች ሆነው ተገኙ። ዦንግለሩም በሁለቱ መካከል የሚኖር ሰው ነበር።

ይህ ሰው በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ምን ይሠራ ነበር ቢሉ፣ መልሱ «ሁሉንም» ነው። ከከተማ ከተማ፣ ከግንብ ግንብ ይዞራል። የአውታር መሣሪያውን ይዞ የጀግኖችን ገድል ያዜማል፤ ይገለባበጣል፤ ዝንጀሮ ያስጨፍራል፤ ቢላዋ እየወረወረ ይይዛል፤ ያስቃል። በ1066 እ.ኤ.አ. ኖርማኖች እንግሊዝን በወረሩበት በሄስቲንግስ ጦርነት ላይ ታይፈር የሚባል አንድ አጫዋች በሠራዊቱ ፊት ወጥቶ ሰይፉን ወደ ሰማይ እየወረወረ ይይዝ እንደ ነበር በላቲን የተጻፈ አንድ የጦርነቱ ግጥም ይተርካል። ባለቅኔው ዋስ ደግሞ ይኸው ሰው የሮላንን ገድል እየዘፈነ ከሠራዊቱ ፊት ይጋልብ እንደ ነበር ጽፏል። ዘፋኝ ነው? ወታደር ነው? ሰይፍ ወርዋሪ ነው? ዘመኑ አልለየም፤ ለሁሉም ስሙ አንድ ነበረ።

ስም ሲጠበብ የሚያፍነውን ያህል፣ ስም ሲሰፋም የሚያቈስለው ሰው አለ። በ1274 እ.ኤ.አ. የናርቦኑ ባለቅኔ ጊሮ ሪኪዬ ለካስቲል ንጉሥ ለአልፎንሶ ዐሥረኛ በግጥም የተጻፈ አቤቱታ አቀረበ። አቤቱታው ስለ ርስት ወይም ስለ ደመወዝ አልነበረም፤ ስለ ቃል ነበር። ቅኔ የሚፈጥረውም፣ የሌላውን ቅኔ የሚያዜመውም፣ በአደባባይ ዝንጀሮ የሚያዘልለውም እኩል «ዦግላር» መባላቸው ግፍ ነው፤ ንጉሡ ለየሙያው የየራሱን ስም ይስጥ ሲል ለመነ። በ1275 እ.ኤ.አ. በንጉሡ ስም የተጻፈ መልስ ወጣ። በመልሱም የአደባባዩ አሻንጉሊትና ዝንጀሮ አጫዋች ከዦግላርነት ስም ወጣ፤ መሣሪያ መቺውና አዜመኛው ዦግላር ይባል፤ ቅኔ ፈጣሪው «ትሮባዶር» ይባል ተባለ። ይህን ሳነብ ፈገግ አልሁ፤ ቀጥሎም ዐዘንሁ። ባለቅኔው ራሱን ከውርደት ለማዳን ዝንጀሮ አጫዋቹን ወደ ታች ገፋው። ከበታቹ ሌላ ሰው ካላስቀመጠ ከፍ ያለ አልመሰለውም።

ከርሱ በፊት ግን በተቃራኒው የሄደ ሰው ነበር። በ1226 እ.ኤ.አ. ያረፈው የአሲዚው ፍራንሲስ ወንድሞቹን መነኮሳት «የእግዚአብሔር ዦንግለሮች» ይላቸው እንደ ነበር ይተረካል። ከናቁት ስም ሸሽቶ አላመለጠም፤ ስሙን ራሱ ለበሰው። በ13ኛው መቶ ዘመን በፈረንሳይኛ የተጻፈ አንድ ግጥምም ይህን መንፈስ ያሳያል። አንድ ተገለባባጭ አጫዋች ዓለምን ንቆ ገዳም ይገባል፤ ግን ጸሎት አያውቅም፣ ማንበብም አልተማረም። ሌሎቹ ሲዘምሩ እርሱ በስውር ወርዶ በእመቤታችን ሥዕል ፊት የሚያውቀውን አንድ ሙያ ያቀርባል፤ እስኪደክመው ይገለባበጣል። እርስዋም ወርዳ ድካሙን ታሳርፍለታለች። ተአምረ ማርያም ሲነበብ ላደገ አንባቢ መንፈሱ እንግዳ አይሆንበትም። ወደ ኋላ አናቶል ፍራንስ በ1892 እ.ኤ.አ. ታሪኩን በስድ ንባብ ደግሞ ሲጽፈው፣ ተገለባባጩን ኳስና ቢላዋ ወርዋሪ አደረገው፤ ርእሱንም «የእመቤታችን ዦንግለር» አለው። በሁለቱ ጽሑፎች መካከል ባሉት ስድስት መቶ ያህል ዓመታት ቃሉ ራሱ ተጕዞ ነበርና።

ጕዞው በእንግሊዝ አገር የጨለመ ነበር። ቃሉ ከኖርማኖች ጋር ባሕር ተሻግሮ ሲገባ ዘፈኑን በወዲያኛው ዳር ጥሎ፣ የእጅ ቅልጥፍናውንና ማሳሳቱን ብቻ ይዞ የገባ ይመስላል። «ጀግለር» ማለት ሳንቲም የሚሰውር፣ ዐይን የሚያሳስት ሰው ሆነ፤ ከዚያም ጠንቋይ፤ ከዚያም ተራ አጭበርባሪ። ሼክስፒር ቃሉን የሚያውቀው በዚህ ፊቱ ነው። በ«የመካከለኛው በጋ ሌሊት ሕልም» ተውኔት ሄርሚያ ፍቅሬን ሰረቀችኝ ብላ የጠረጠረቻትን ጓደኛዋን የምትሰድባት በዚህ ቃል ነው። ማክቤዝም ተስፋ ሰጥተው የካዱትን መናፍስት የሚረግምበት ቃል ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ከቃላት ጨዋታ ይወጣል። በዚያ ዘመን ጠንቋይ መባል ነፍስ ያስጠፋ ነበር። በ1584 እ.ኤ.አ. ሬጂናልድ ስኮት የሚባል የኬንት ሰው ስለ ጥንቆላ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ዐላማው በጥንቆላ ስም የሚከሰሱት ድሆችና አሮጊቶች ንጹሓን መሆናቸውን ማሳየት ነበር። ለዚህም ሲል የጀግለሮችን ሙያ አንድ በአንድ ገልጦ ጻፈ፤ ሳንቲም እንዴት እንደሚሰወር፣ ምላስ በወስፌ የተወጋ እንዴት እንደሚመስል፣ የተቈረጠ ራስ በወጭት ላይ ሆኖ እንዴት እንደሚታይ በሥዕል ጭምር አስረዳ። ይህ ሁሉ የእጅ ሥራ ነው፤ አጋንንት የሉበትም ነው ነገሩ። በእንግሊዝኛ የእጅ ቅልጥፍናን ምስጢር ከገለጡት ጥንታውያን ጽሑፎች አንዱ የሆነው ይህ ሥራ የተጻፈው ለመዝናኛ አይደለም፤ ሰዎችን ከስቅላት ለማዳን ነው። የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ ግን በ1597 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስኮትን በስሙ ጠርቶ ተቃወመው። በ«ቀልጣፋ» እና በ«ጠንቋይ» መካከል ያለው ልዩነት የሕይወትና የሞት ልዩነት ነበር።

ይህን ሳነብ ልቤ ወደ ራሳችን ቋንቋ ተመለሰ። የኛስ ቃላት ንጹሓን ናቸውን? «አስማት» በግእዝ «ስሞች» ማለት ነው፤ የስም ብዙ ቍጥር ነው። ስም ጠሪው በጊዜ ብዛት አስማተኛ ተባለ። «አጭበረበረ» የሚለውን ግስ ተመልከቱት፤ የረፋድ ፀሐይ በቆርቆሮ ላይ ስታርፍ ዐይን ታጭበረብራለች፤ ሌባም ሰው ያጭበረብራል። ብርሃኑና ወንበዴው ባንድ ግስ ይኖራሉ። «ጀግለር» ከአጫዋችነት ወደ ዐይን ማሳሳት፣ ከዐይን ማሳሳት ወደ ማታለል የሄደበትን መንገድ የኛም ቃል ሄዶበታል። ከሁሉ ይልቅ «አዝማሪ» የሚለው ቃል ያሳዝነኛል። ሥሩ «ዘመረ» ነው፤ የመዝሙርና የመዘምር ወንድም ነው። አንዱ ወንድም በመቅደስ ሲከበር፣ ማሲንቆ የያዘው ወንድሙ ስሙ መሰደቢያ እስኪሆን ድረስ በደጅ ቀረ። እንደ ዦንግለሩ ከቤት ቤት ዞረ፤ ግብዣ አሳመረ፤ በሰምና ወርቅ ጌቶችን ወጋ፤ ሲወጣ ግን ልጃችንን እንድርለት አልፈቀድንም።

ይህ ንቀት ደግሞ ገዳይ ሆኖ ያየንበት ጊዜ አለ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር፣ ግራዚያኒ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም ተራኪ ዘፋኞች፣ ጠንቋዮችና አስማተኞች ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙን አስታወቀ። የጣልያን አገዛዝ ሊወድቅ ነው የሚል ወሬ በሕዝቡ መካከል ይነዛሉ የሚል ነበር ምክንያቱ። ዘፋኙን የጠራበት ቃል «ካንታስቶሪዬ» ነው፤ ይህም በጣልያን አገር የጥንቱ ጁላሬ ወራሽ የሆነው የአደባባይ ተራኪ ስም ነው። ዘፋኝና ጠንቋይ ባንድ መስመር፣ ባንድ ትእዛዝ። ሬጂናልድ ስኮት ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመታት በፊት ሊለያያቸው የደከመባቸውን ስሞች አንድ ጄኔራል በአንድ ዐረፍተ ነገር መልሶ አቈራኛቸው።

ወደ ኳሶቹ ልመለስ። ሥራው ራሱ ከስሙ እጅግ ያረጀ ነው። በግብፅ፣ በቤኒ ሐሰን፣ በመኰንኑ በባኬት ሦስተኛ መቃብር ግድግዳ ላይ ኳስ እየወረወሩ የሚይዙ ሴቶች ተሥለዋል፤ ሥዕሉ አራት ሺሕ ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። በቻይና የጁዋንግ ዙ መጽሐፍ ዪሊያው የሚባል ሰው ኳሶችን በማመላለሱ በሁለት ቤቶች መካከል የነበረ ችግር እንደ ተፈታ ይነግረናል። ታልሙድም በኢየሩሳሌም መቅደስ በዳስ በዓል ሌሊት ታላቁ መምህር ስምዖን የገማልያል ልጅ ስምንት የሚነዱ ችቦዎችን አንዱን እየወረወረ አንዱን እየያዘ፣ እርስ በርሳቸው ሳይነካኩ ያመላልስ እንደ ነበር ይተርካል። በነዚህ ሁሉ ዘንድ ሥራው ማታለል አልተባለም። ጨዋታ ነው፤ ዕርቅ ነው፤ በእግዚአብሔር ፊት ደስታ ነው።

በእንግሊዝኛ ይህ ጥንታዊ ሥራና ያ የተጨማለቀ ቃል ተገናኝተው የተጋቡት በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ሐዝሊት በጻፈበት ጊዜ ቃሉ በደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከለንደን መድረክ የወጡት ሕንዳውያን ኳስ ያመላልሳሉ፤ ደግሞም ሰይፍ ይውጣሉ፤ በጽዋ ሥርም ኳስ ይሰውራሉ። ስማቸው ለሁለቱም ያገለግል ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሰዋሪው በሌላ ስም እየተጠራ ሄደ፤ «ጀግለር» የሚለው ለወርዋሪው ቀረ። በ1947 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጀግለሮች የራሳቸውን ማኅበር ሲመሠርቱ የተሰበሰቡት በአንድ የምትሐተኞች ጉባኤ ላይ ነበር። ከአንድ ቤት ወጥተው የራሳቸውን ጎጆ ቀለሱ ማለት ነው። ሪኪዬ ንጉሡን የለመነው መለያየት፣ ማንም ሳይዋረድ፣ በስድስት መቶ ሰባ ሦስት ዓመቱ ተፈጸመ።

አሮጌው ነውር ግን ጨርሶ አልጠፋም። ዛሬም በእንግሊዝኛ የሒሳብ መዝገብ የሚያምታታ ሹም «ጀግል» አደረገ ይባላል። በሌላ በኩል ልጅዋን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ሥራ ውላ፣ ማታ የታመመች እናቷን የምታስታምም ሴትም «ጀግል» ታደርጋለች ይባላል። አንዱ ቃል ሌባውንም እናቲቱንም ይሸከማል። ያ የላቲን ቀልድ እዚህ ደረሰ።

ወደ አማርኛው ርእሴ ልምጣና ላብቃ። በ1991 እ.ኤ.አ. ሰርከስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ከተመሠረተ ወዲህ፣ ሙያው በአገራችን ልጆች እጅ ገብቷል። ሰርከስ አቢሲኒያን የመሠረቱት ወንድማማቾች፣ ቢቢና ቢቹ ተስፋማርያም፣ ራሳቸው ጀግለሮች ናቸው። ሰርከሰኞቻችን ሥራውን «ጀግሊንግ» ይሉታል፤ አልነቅፋቸውም፤ ቃል ከሙያ ጋር ይሰደዳል። ለሐዝሊት መጣጥፍ ግን ከገዛ ቤታችን የሚነሣ ቃል ፈለግሁ። ያን ጊዜ የወዳጄ ጥያቄ ታወሰኝ። «ኳስ እየወረወረ ይቀልባል እንጂ» ነበር ያለኝ። መልሱን ከጥያቄው ጋር ሰጥቶኝ ሳለ አልሰማሁትም።

መቅለብ። በረኛ ኳስ ይቀልባል። ቅልሞሽ የምትጫወት ልጅ አንዷን ጠጠር ወደ ላይ ሰድዳ፣ ከመሬት ያሉትን ዘግና፣ የወረደችውን ትቀልባለች። በዚህ ቃል ውስጥ ጠንቋይም አታላይም የለም፤ የተዘረጋ እጅ ብቻ አለ። ቃሉ ግን ሌላም ይላል፤ ቀለበ ማለት መገበ ማለትም ነው። አባት ልጆቹን ይቀልባል፤ እናት ቤቷን ትቀልባለች። ባየር ያለውን የሚይዝና የተራበውን የሚያጐርስ በእኛ ቋንቋ ባንድ ስም ይጠራሉ። እንግሊዞች ሌባውን ከእናቲቱ ጋር ባሰሩበት ስፍራ፣ የኛ ቃል ባለሙያውን ከእናቲቱ ጋር አስቀምጧል።

ሐዝሊት ያየው ሰው ራሞ ሳሚ እንደ ነበር ይታመናል፤ በዘመኑ በብሪታንያ መድረኮች ላይ ስሙ የገነነ ነበር። በ1850 እ.ኤ.አ. በለንደን ሲሞት ግን ድኻ ነበር፤ ሚስቱ ለመቀበሪያው ገንዘብ የሰው እጅ እስከ ማየት ደረሰች። ስንቱን ሺሕ ሰው ያስደነቀ፣ አንዲት ኳስ መሬት ያላስነካ ሰው፣ እርሱ ራሱ ሲወድቅ የቀለበው አልነበረም። ሰሙ ይኸ ነው፤ ወርቁም ይኸው ነው።

«የሕንድ አስማተኞች» የሚለውን ሰረዝሁና በምትኩ «ሕንዳውያኑ ቀላቢዎች» ብዬ ጻፍሁ። ለወዳጄ መልሼ ስነብለት ዐይኑን ጨፈነ፤ እስከ መጨረሻውም አልገለጠውም።

ቸር እንሰንብት።